ለሐምሌ የታሰበ መንገድ

ላፍቶ ላይ ዝናብ የሚመጣው ከፉሪ ተራራ በኩል ነው። በሰኔና በሐምሌ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ መጀመሪያ የተራራው አናት ይጠፋል፤ ቀጥሎ የጀሞ ኮንዶሚኒየሞች ይደበዝዛሉ፤ ከዚያ የጎረቤት ቆርቆሮ መንጫጫት ሲጀምር የእኛ ተራ ደርሷል ማለት ነው። ተራራው ከጠፋበት እስከዚያ ድረስ የተሰጣ ልብስ ለማስገባትና ሞተሬን ሸራ ለማልበስ የሚበቃ ጊዜ አለ። ይህን ለዓመታት ከበረንዳዬ ላይ ስላየሁ ሰዓቴን አላይም፤ ፉሪን ነው የማየው።

ዘንድሮ በዚሁ በረንዳ ላይ ካርታ ዘርግቻለሁ። ትምህርት ቤት እንደተዘጋ በሞተር ሳይክል ከላፍቶ ተነስቼ ወደ ባሌ ተራሮች ልሄድ፣ ሳነቲ አምባ ላይ ልወጣ፣ በአርሲ በኩል ልመለስ አስቤአለሁ። የነገርኩት ሰው ሁሉ የሚመልስልኝ አንዲት ቃል ናት፦ «በክረምት?»

አዎ፣ በክረምት። መምህር ነኝ፤ ረዥም ዕረፍት የማገኘው ያኔ ነው። ጉዳዩ ዕረፍቱ ብቻ ቢሆን ግን ለገና ሰሞን፣ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ አራት ቀን ፈልጌ ደርሼ መምጣት አያቅተኝም ነበር። እኔ ተራራውን ማየት የምፈልገው ሥራ ላይ እያለ ነው። በበጋ ባሌ የሄዱ ባልደረቦቼ ያመጧቸው ፎቶዎች ሰማያዊ ሰማይና ቢጫ ሣር ናቸው፤ ያምራሉ። ደመናው አምባው ላይ የሚተኛበትን፣ ጨፌው ውሃ የሚጠጣበትን፣ ትናንት ያልነበረ ምንጭ ዛሬ መንገድ የሚያቋርጥበትን ወር ግን አላዩትም።

የሌላው አገር ሞተረኛ ተራራ የሚወጣው በበጋው ነው። በጣሊያን አልፕስ ዝነኛው የስቴልቪዮ መንገድ ከበረዶ ጸድቶ የሚከፈተው ያን ጊዜ ነው። በሂማላያ ወደ ላዳክ የሚወስዱት በሮችም በረዶው ሲቀልጥ ይከፈታሉ፤ የሕንድ ሞተረኞችም ወራቱን ቆጥረው ይጎርፋሉ። የእኛ ተራራ በረዶ የሚዘጋው አይደለም። እነሱ በጋ በሚሉት ወር ዝናቡ ወደ እኛ ይመጣል፤ እነሱ ልብስ ሲቀንሱ እኛ ካፖርት እናወጣለን። ስቴልቪዮ ከባሕር ወለል በላይ 2,757 ሜትር ነው። የባሌዋ ጎባም ከዚያ ብዙም በማይርቅ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ግን ከተማ ናት፤ ገበያ ይቆምባታል፣ ልጆች ዓመቱን ሙሉ ትምህርት ቤት ይመላለሱባታል። ይህን ንጽጽር ክፍል ውስጥ ስናገር ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ልጆቹ የሚኖሩበት አገር ምን ያህል ከፍ ያለ እንደሆነ የሚገባቸው ከሌላው ጎን ሲያቆሙት ነው።

የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ከምስላቸው ነገሮች አንዱ ባሌ ነው፤ መሃል ላይ ሳነቲ፣ ከዙሪያው ደግሞ እንደ እጅ ጣት የተዘረጉ ወንዞች። ዋቢ ሸበሌ ከባሌና ከአርሲ ደጋ ተነስቶ ኦጋዴንን ያቋርጣል። ወልመል የሐረናን ደን አቋርጦ ገናሌን ይቀላቀላል። ገናሌ፣ ዳዋና ወይብ ዶሎ አካባቢ ሲገናኙ ጁባ ተብለው ወደ ሶማሊያ ይገባሉ። ሐምሌ ላይ ዶሎ ደርቆ ሰማዩ ባዶ ሲሆን እዚያ ያለ ሰውና ግመል የሚጠጣው ሳነቲ ላይ የዘነበውን ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ለስንት ዓመት እንደተናገርኩት አላስታውስም። አንድ ቀን ግን ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ እንዳለውና ከባሌ ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው እንደሆነ ስናገር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ አክስቴ እዚያ ነው የምትኖረው» አለች። አቃቂ ቃሊቲ ያለውን የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ማለቷ ነበር። ስሙ በኦሮምኛ ቀይ ተራራ ማለት እንደሆነ፣ አገሩ ሰፊ ስለሆነ አንድ ስም ሁለት ቦታ ሊገኝ እንደሚችል አስረዳኋት። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ቀጠለ፦ «ቲቸር፣ እርስዎ የባሌውን አይተውታል?»

አላየሁትም አልኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰሌዳው ላይ ሳነቲን በሣልኩ ቁጥር እጄ ይከብደኛል።

እውነቱን ለመናገር ከባሌ በፊት የማልመው ሌላ ተራራ ነበር። እናቴ የደባርቅ ልጅ ናት። ልጅ ሆኜ ሊማሊሞን ከጭነት መኪና ላይ ሆና እንዴት እንደወረደችው ትተርክልኝ ነበር፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ሲወርድ ገደሉን ላለማየት ነጠላዋን ፊቷ ላይ እንደጣለች። የ2015 ዓ.ም. ክረምት ላይ በደብረ ማርቆስ፣ በባሕር ዳርና በጎንደር አድርጌ እስከ ሊማሊሞ ልሄድ ደብተሬ ላይ እያንዳንዱን ማደሪያ ጽፌ ጨርሼ ነበር። በአማራ ክልል ግጭቱ ከፋ፤ ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ደብተሩን ዘጋሁት፤ እስካሁንም አልከፈትኩትም። ዘመዶቼ ለገበያና ለሕክምና ሲወጡ በጭንቀት የሚያልፉትን መንገድ እኔ ለደስታዬ ልነዳው አልፈልግም። እናቴ «መንገዱ የትም አይሄድ፣ ልጄ» ትለኛለች። የምትጨነቀው ግን ለእኔ መንገድ አይደለም፤ እዚያ ላሉት እህቶቿ ነው።

ሞተሬ አሮጌ ሆንዳ ኤክስ ኤል 125 ናት። ከአንድ የተራድኦ ድርጅት በጨረታ የወጣች፣ እኔ ጋ ከመድረሷ በፊት የእርሻ ባለሙያ ይዛ ገጠር ለገጠር ስትዞር የኖረች። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ በታገደ ጊዜ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ብዙ ወራት ቆማለች። በኋላ ፈቃድ ያላቸው መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ዳግም ያስነሷት ከጀርመን አደባባይ ገባ ብሎ ትንሽ ጋራዥ ያላቸው ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። በወጣትነታቸው ከወባ መቆጣጠሪያ ሠራተኞች ጋር አርሲንና ባሌን በሞተር ዞረዋል። ዕቅዴን ስነግራቸው «በክረምት?» ያላሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ካርቡራተሯን ለስንት ሜትር ነው የምናስተካክላት?» አሉኝ።

ጥያቄው አልገባኝም ነበር፤ እሳቸው አስረዱኝ። ሞተር ቤንዚን ብቻ አይበላም፤ አየርም ይበላል። አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለች ሞተር የ2,300 ሜትር አየር ለምዳለች። ወደ ስምጥ ሸለቆው ስትወርድ፣ ዝዋይ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ፣ አየሩ ይበረክትና ቤንዚኑ ያንሳታል፤ ትግላለች። ሳነቲ ላይ ደግሞ 4,000 ሜትር ስታልፍ የአየሩ ግፊት ከአዲስ አበባው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል፤ ቤንዚኑ ይበዛባታል፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ካንዴላዋ ይጠቁራል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ታጣለች። መፍትሔው ካርቡራተር ውስጥ ያለች ቀጭን መርፌ ናት። መርፌዋን የያዘችውን ትንሽ ቀለበት አንድ እርከን ከፍ ሲያደርጓት መርፌዋ ዝቅ ትላለች፤ የሚያልፈው ቤንዚን ይቀንሳል። ጋሼ ሦስት ጊዜ አስፈታተው አስገጠሙኝ። አራተኛውን ዓይኔን ጨፍኜ እንድሠራው አዘዙኝ። «እዚያ ስትፈታት እጅህ በብርድ ደንዝዞ፣ ዓይንህ በጉም ተሸፍኖ ነው፤ እዚህ ልመዳት፣ መምህር» አሉ።

ከፍታ ለእኔ የመማሪያ መጽሐፍ ቁጥር ነበር። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ እያልኩ ቀለም ቀብቼ ያስተማርኩትን ነገር ከአንድ የጣት ጥፍር የማትበልጥ ቀለበት ላይ አገኘሁት። በሚቀጥለው ዓመት መርፌዋን ክፍል ይዣት እገባለሁ።

የሚያዘው ዕቃ ብዙ አይደለም። ሁለት ከመነዳሪ፣ ሁለት ካንዴላ፣ የፍሪሲዮን ሽቦ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ለካቴናው ትንሽ ዘይት። ዶዶላም ሮቤም ጎሚስታ አለ፤ ሳነቲ ላይ ግን የለም፤ ስለዚህ ጎማ ማውለቅም ተለማምጃለሁ። ቤንዚን ሻሸመኔ፣ ዶዶላና ሮቤ ላይ እሞላለሁ፤ ሰልባትዮዋ ስትሞላ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ትወስደኛለች። ክፍያው በቴሌብር ስለሆነ ስልኬን ከዝናብ መጠበቅ ሞተሯን ከመጠበቅ አያንስም። ጋሼ ከጃኬት በታች ደረት ላይ ጋዜጣ እንዳደርግ መከሩኝ፤ ነፋስ የሚገታ ከዚያ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። ባለቤቴ ደግሞ አንድ ሕግ አውጥታለች፦ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ የትም ልሁን የት፣ ቆሜ እደውላለሁ።

ቀኑን የመረጠልኝ የጾሙ አቆጣጠር ነው። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። እናቴ «ባሌ ሄደህ ወተት ሳትጠጣ ልትመለስ?» ብላ በሁለቱ መካከል እንድሄድ አሳመነችኝ። የመንገድ ሰዎች ቡሄ እስኪያልፍ ቆይ ብለውኝ ነበር፤ ክረምቱ ያኔ ይሰበራል። እኔ ግን ሳይሰበር ነው የምፈልገው።

በካርታው ላይ ወደ ባሌ ሁለት መንገድ አለ። ብዙ ሰው በሞጆ ይወርዳል፤ ያ መንገድ የጅቡቲ ከባድ መኪናዎች የሚርመሰመሱበት ስለሆነ በዝናብ፣ በሞተር፣ ከተሳቢ ኋላ የሚረጨውን ጭቃ እየጠጣሁ መሄድ አልፈለግሁም። የላፍቶ ሰው ሌላ በር አለው። በፉሪ አድርጎ አለም ገና፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ቡታጅራ። አዋሽን መልካ ቁንጡሬ ላይ ይሻገራል፤ እዚያ የጥንት ሰዎች ከመቶ ሺህዎች ዓመታት በፊትና ከዚያም ቀደም ብለው ድንጋይ ሲጠርቡ ኖረዋል። ቦታው ከባልጪት ጋር በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ወረድ ሲል በ1980 እ.ኤ.አ. የተመዘገበው የጢያ ትክል ድንጋይ አለ፤ ከ36ቱ ድንጋዮች በ32ቱ ላይ ሰይፍና ሌላ ምልክት ተቀርጿል። ከዚያ የጉራጌን ተራሮች በቀኝ ይዤ ቡታጅራ አድራለሁ። በማግስቱ በዝዋይ ሻሸመኔ፤ በሦስተኛው ቀን በኮፈሌ፣ ዶዶላና አዳባ ወደ ዲንሾ።

የመጀመሪያው ዕቅዴ እንዲህ አልነበረም። በሁለት ቀን ዲንሾ ልደርስ፣ በሦስተኛው ሳነቲን ተሻግሬ በሐረና ደን ውስጥ እስከ ደሎ መና ልወርድ፣ በስድስት ቀን ቤቴ ልገባ ነበር ያሰብኩት። ያን ዕቅድ የቀየረችው አንዲት ሴትዮ ናት።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ሞተሯን ልፈትሽ እስከ ጢያ ሄጄ ነበር። ዘግይቼ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው የተነሳሁት። ስመለስ ሰማዩ ጠቆረ። ከፉሪ የለመድኩትን የሰዓት ስሌት ይዤ «እደርሳለሁ» ብዬ ገፋሁ። አዋሽ ሳልደርስ ዝናቡ ያዘኝ፤ የአስፋልቱ ጠርዝ ጠፋብኝ፤ ቪዘሬ በጉም ተሸፈነ። አንዲት ሻይ ቤት አይቼ ገባሁ። ውስጥ አህያቸውን በር ላይ ያሰሩ ገበሬዎችና አንዲት ሻይ የሚያፈሉ ሴትዮ ነበሩ። ውሃ እያንጠባጠብኩ በየደቂቃው በር ላይ እየወጣሁ ሰማዩን ሳይ ሴትዮዋ «ተቀመጥ እንጂ ልጄ፤ ለእኛ እኮ ነው የሚዘንበው» አሉኝ። ገበሬዎቹ ዝም ብለው ሻያቸውን ይጠጣሉ። አንዳቸውም ዝናቡ መቼ ያባራል ብሎ አልጠየቀም። በልግ ተራግፎ፣ መሬቱ ታርሶ፣ ሰማይ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። እዚያ ቤት ውስጥ ዝናቡ እንዲያቆም የሚመኘው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ሲገባኝ አፈርኩ። ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ዘነበ። ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ አዋሽ ዘንድሮ ስለሚሞላበት ጊዜ ሲያወሩ ሰማሁ። ማታ ላፍቶ ስገባ ዕቅዱን እንደገና ጻፍኩት።

አሁን የምነዳው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ቀኑ ስድስት ብቻ ነው። በደጋ ክረምት ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ክፍት ነው፤ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ እርጥበቱ ይነሳል፣ ደመናው ይከመራል፣ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል። ይህንን ለልጆቹ በቀስት እየሣልኩ አስተምሬዋለሁ፤ በገዛ ጉዞዬ ላይ ግን አላሰብኩበትም ነበር። ከስድስት ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ የዝናቡ ነው። ደብተሬ ላይ እነዚያን ሰዓቶች ምንም አልጻፍኩባቸውም። ጠዋት ጠዋት ከመነሳቴ በፊት መናኸሪያ ሄጄ ከፊቴ ያለው መንገድ እንዴት እንዳደረ ሾፌሮችን እጠይቃለሁ፤ ደህና አይደለም ካሉኝ አልነሳም። ጋሼ አንድ ነገር ጨመሩ፦ ባሌ ውስጥ ወንዝ ሞልቶ እንደሆነ የሚታወቀው ከባለ ፈረስ ነው። እዚያ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ በዝናብ ፈረስ ይጋልባል፤ የትኛው መሻገሪያ ጠዋት አልፎ ማታ እንደማያሳልፍ ያውቃል።

ዲንሾ ሁለት ቀን አድራለሁ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው፤ ፓርኩ በ1970 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ በ2023 የዓለም ቅርስ ሆኗል። በጽዱና በኮሶው ጥላ ሥር የደጋ አጋዘን ቆሞ ይታያል ይላሉ። ያን እንስሳ አብዛኞቻችን ሳናውቀው በኪሳችን ይዘነው አድገናል፤ ዓሥር ሳንቲም ላይ ያለው ራስ የእሱ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም፤ የሳይንስ ስም ያገኘው በ1910 እ.ኤ.አ. ነው፤ ትልልቅ አጥቢ እንስሳት ተመዝግበው አለቁ በሚባልበት ዘመን።

ከዲንሾ በሮቤና በጎባ አልፌ ወደ ሳነቲ የምወጣበትን ጠዋት ነው ደጋግሜ የማስበው። ከጎባ በኋላ ኮሶውና አምጃው ይቀራል፤ አስታው ያጥራል፤ ከዚያ ዛፍ የሚባል ነገር ያልቅና ጅብራ ብቻውን በጉም ውስጥ ቆሞ ይታያል። መንገዱ 4,000 ሜትር ላይ ይዘረጋል። እዚያ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ አልነዳም ብዬ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ፤ ምክንያቱ ብርዱ አይደለም። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው በቀን ነው፤ ፍልፈልና አይጥ ላይ ዓይኑን ተክሎ መንገድ ያቋርጣል። በዓለም የቀሩት ያደጉ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያም በ2003፣ በ2008ና በ2014 እ.ኤ.አ. ከውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ መንጋ መንጋውን ፈጅቷል። የአገሩ ሰው በኦሮምኛ ጀዳላ ፈርዳ ይለዋል፤ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው፤ ልትወልድ የደረሰች ባዝራ ተከትሎ የእንግዴ ልጁን ስለሚጠብቅ። ለዘመናት ከከብትና ከፈረስ ጋር ተከባብሮ የኖረን እንስሳ ለመዝናናት የመጣ ሞተረኛ ቢገጨው ምን ተብሎ ይነገራል? ምሳዬን ለየትኛውም እንስሳ አልጥልም፤ ሞተሬንም ከመንገድ አላወጣም፤ ጨፌው ላይ የጎማ ፈለግ አንዴ ከታተመ ውሃው እሱን ተከትሎ መሬቱን ይቆርጣል።

ሐረናን ግን ሰረዝኩት። የደኑን ቡና፣ ቀርከሃውን፣ ከ4,000 ሜትር በአንድ ጠዋት ወደ ቆላ መውረዱን ስንት ወር አልሜዋለሁ። ጋሼን ጠየቅኳቸው። መውረዱ ቀላል ነው አሉ፤ በሐምሌ ጭቃ ላይ ወደ ላይ መመለሱ ነው ሌላ ቀን የሚፈልገው፣ ያም ቀን ለሌላ ዝናብ የተያዘ ነው። ስለዚህ ሳነቲ ደቡብ ጫፍ ላይ፣ አምባው ወደ ሪራ መንደር ከሚወርድበት ቦታ፣ ሞተሯን አቁሜ ደመናው ደኑ ላይ ሲወርድ አይቼ እመለሳለሁ። ወልመል ከሥር ነው የሚሄደው፤ ቢታየኝም ባይታየኝም ድምፁን ለመስማት ሞተሩን አጠፋለሁ።

መመለሻዬ በዶዶላ ወደ በቆጂ ነው፤ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የሮጡባትና አየሯን የተነፈሱባት ከተማ። ከዚያ አሰላ፣ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጭላሎ እርሻ ልማት የስንዴውን ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው ያስተዋወቀባት፤ ሐምሌ ላይ ስንዴው ገና ቡቃያ ነው፣ የጭላሎ ተራራ ደግሞ ከጉም ውስጥ ወጥቶ ከታየ ዕድለኛ ነኝ። ከአዳማ በኋላ ያለውን ስለማውቀው አልጻፍኩትም።

ትናንት ጋራዥ ሄጄ ነበር። ጋሼ አንዲት ትርፍ መርፌ በላስቲክ ጠቅልለው፣ በክር አስረው ሰጡኝ። ሐምሌ 8 ማለዳ 12 ሰዓት ሳይሞላ ጋራዡን ከፍተው ሊጠብቁኝ ቃል ገብተዋል፤ የካቴናውን ውጥረት ለመጨረሻ ጊዜ በጣታቸው ሊለኩት። ከዚያ በፉሪ ሥር አድርጌ እወጣለሁ።